ዋንጫው የእናንተ፣ መልሱ የእኛ

እሑድ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ከኋላዬ የተቀመጠው የጁቬ ደጋፊ ወዳጄ የእኔን የናፖሊ ደጋፊውን ትከሻ ነካ አድርጎ «የደቡብ ጣሊያን ሰው ፒዛውን ይጋግር፤ ኳሱን ለሰሜን ይተው» አለኝ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጨዋታው ሊጀመር ስለነበር አንዷን ብቻ ወርውሬለት ዞርኩ፦ «እናንተስ መኪናችሁን በማን እጅ ነው የገጣጠማችሁት?» ቀሪውን፣ ወዳጄ፣ እዚህ ልጨርስልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዝልኝ።

ከመኪናው ልጀምር። ጁቬንቱስን ከ1923 ጀምሮ የያዘው የአኜሊ ቤተሰብ ነው፤ የፊያት ጌቶች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊያት ሠራተኛ ሲፈልግ ከካላብሪያ፣ ከፑሊያ፣ ከሲሲሊ፣ ከናፖሊ ስንቱ ወጣት ሻንጣውን በገመድ አስሮ በባቡር ቱሪን ገባ። ቱሪን ጉልበቱን ወደደች፤ ሰውየውን ግን አልወደደችም። «ለደቡብ ሰው ቤት አናከራይም» የሚል ወረቀት በየበሩ ይለጠፍ ነበር። በ1968 ታዲያ ጁቬ ፒዬትሮ አናስታሲ የሚባል አጥቂ አመጣች፤ የካታንያ ልጅ፣ ሲሲሊያዊ። ሳምንቱን ሙሉ ከብረት ጋር ሲታገል የሰነበተው ስደተኛ እሑድ የአገሩን ልጅ ሊያይ ስታዲየም ገባ። ዛሬ በደቡብ ከዳር እስከ ዳር የጁቬ ማሊያ የምታየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እና ወዳጄ፣ «ደቡብ ኳስ አያውቅም» ስትል የገዛ ወገንህን አፍ እየዘጋህ ነው።

«36 ዋንጫ አለን» ትለኛለህ። አላችሁ። እስከ 2025 ድረስ ኢንተር 20፣ ሚላን 19 ነበራቸው። ከሮም በታች ያለው አገር ደሴቶቹ ሳይቀሩ ተደምሮ አምስት ነው፦ ናፖሊ አራት፣ ካሊያሪ አንድ። ቁጥሩን አልክድህም፤ ቁጥር የሚክድ ቀጣፊ እንጂ ተረበኛ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃያ ሦስተኛውን መቼ እንደወሰዳችሁ ስልክህን ሳታወጣ ንገረኝ። እኔ የመጀመሪያችንን ሜይ 10፣ 1987፣ ከፊዮረንቲና ጋር 1 ለ 1 ብዬ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ እነግርሃለሁ።

«ሥርዓት የሰሜን ነው» ላልከው፣ በ2006 በዳኞች ምደባ ቅሌት ሁለት ዋንጫ ተነጥቃ ወደ ሴሪ ቢ የወረደችው አሮጊቷ የምትሏት ጁቬ ናት። አዎ፣ እኛም ወርደናል፤ በ2004 ከስረን እስከ ሦስተኛው ዲቪዚዮን። ድሃ መክሰር ያጋጥመዋል፤ እናንተ ግን ምን ጎደላችሁ? በነገርህ ላይ፣ ሁለታችንም ሴሪ ቢ ላይ ተገናኝተን በ2007 አብረን ወጣን። እዚያ ሳለን ስለ ሥርዓት ስታወሩ አልሰማሁም።

«ኢጓይንን በ90 ሚሊዮን ዩሮ ገዛንባችሁ።» ገዛችሁ፤ በ2016፣ በአንድ የውድድር ዘመን ለእኛ 36 ጎል ባገባ ማግስት። ያመመኝን አልደብቅህም፣ ያኔ ለሳምንት ኳስ አላየሁም። ግን አንቶኒዮ ኮንቴን እዩልኝ። የሌቼ ልጅ ነው፣ ከጣሊያን ጫማ ተረከዝ። እናንተ ዘንድ አምበል ሆነ፣ አሰልጣኝ ሆኖ ሦስት ተከታታይ ዋንጫ አነሳላችሁ። በ2024 ናፖሊ መጣና በዓመቱ ዋንጫ ሰጠን። እናንተ አጥቂያችንን በገንዘብ ወሰዳችሁ፤ እኛ ደግሞ ልጃችንን መለስን።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የተረብ ጌታ ማን እንደሆነ ከጠየቅከኝ፣ ቱሪንን ትተህ ወደ ቬሮና ሂድ።

ሴፕቴምበር 16፣ 1984። ማራዶና ከባርሴሎና መጥቶ ለናፖሊ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ሊያደርግ ቬሮና ይገባል። ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲወጣ የቬሮና ደጋፊ የዘረጋው ጨርቅ ላይ የተጻፈው «እንኳን ወደ ጣሊያን በደህና መጣችሁ» የሚል ነው። እስቲ ቃሉን ለያይተህ እየው። አንድ ስድብ የለበትም፤ የእንግዳ አቀባበል ነው። ውስጡ ግን እናንተ የመጣችሁበት አገር ጣሊያን አይደለም እያለ ነው። ያማል፣ ግን ጎበዝ የጻፈው ነው። ቬሮና በዚያ ላይ 3 ለ 1 አሸነፈች፣ ዓመቱ ሲያልቅም ሻምፒዮን ሆነች። የናፖሊ ሰው ዝም አለ፤ መልሱን ግን አልረሳም። ቆይቶ በራሱ ጨርቅ ላይ ጁልየትን ሴተኛ አዳሪ ብሎ ጻፈ። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሷትን፣ የሮሚዮዋን ጁልየት! የሴት ልጅ ስም እንዲህ መጥራቱን እኔ አልወደውም። ሆኖም ሰፈሩን ዐውቆ የመታ ነው፤ ቬሮና የምትኮራበትን አንድ ነገር መርጦ ነካት። የነካትም በሥጋ ያልተወለደችውን፣ በመድረክ ላይ ብቻ ያለችውን ነው።

ይህን ያነሳሁት ከሌላው እንድትለይልኝ ነው። በሰሜን ስታዲየሞች ስንት ዓመት ሲዘፈን የኖረው፣ ቬሱቪዮ ተራራ ፈንድቶ ናፖሊን በእሳት እንዲያጥብ የሚለምነው ዘፈን ተረብ አይደለም። በ1973 ናፖሊ ላይ ኮሌራ ስለገባ የዛሬውን ልጅ ኮሌራ ብሎ መጥራት ተረብ አይደለም። በኖቬምበር 1980 የኢርፒኒያ ርዕደ መሬት ከ2,000 በላይ ሰው ፈጅቶ፣ የተረፈውን «የርዕደ መሬት ተፈናቃይ» ብሎ መሳቅም እንዲሁ። ተረብ ለሌላው ሰው መልስ መስጫ በር ይተዋል። ለሬሳ ምን ብዬ ልመልስልህ? በዲሴምበር 26፣ 2018 በኢንተር ሜዳ በሳን ሲሮ በናፖሊው ተከላካይ በካሊዱ ኩሊባሊ ላይ የዝንጀሮ ድምፅ ያሰማ የነበረው ሕዝብም ምንም ተረብ አልነበረውም፤ ልጁ ግን ከሜዳ በቀይ ካርድ ወጣ። ኢንተር ሁለት ጨዋታ በዝግ ስታዲየም ተጫወተ። ሁለት ጨዋታ! ለእኔ ያ ቅጣት አይደለም።

ናፖሊ ለዚህ እንኳ መልስ አላጣም። በ2013 በናፖሊ ላይ በተዘፈነ ስድብ የሚላን ደጋፊዎች መቀመጫ እንዲዘጋ ሲወሰን፣ የናፖሊ ደጋፊዎች በራሳቸው ስታዲየም ቆመው ያንኑ ስድብ በገዛ ራሳቸው ላይ ዘፈኑና «በሉ አሁን የእኛንም ዝጉ» ብለው ጻፉ። ስድቡን ከሰዳቢው አፍ ነጥቀው ወሰዱበት። ከዚያ ወዲያ ምን ብለህ ትሰድበዋለህ?

በ1987 ዋንጫው ሲመጣ ከተማው ለጁቬ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገ፤ ሬሳ ሣጥን ተሸክሞ፣ የሞት ማስታወቂያ ለጥፎ። ከዚያ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የመካነ መቃብሩ ግንብ ነው። አንዱ ሌሊት ሄዶ ለሙታኑ «ምን እንደቀረባችሁ ባወቃችሁ!» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ተገኘ ይባላል፦ «እንደቀረብን ማን ነገራችሁ?» የናፖሊ ሰው ሙታኑን እንኳ ያለ መልስ አይተዋቸውም። ናፖሊ ላይ ተረብ የተወለድክበት ሰፈር ሳይሆን የምታስብበት ፍጥነት ነው።

አንድ ሰሜናዊ ግን ከዚህ ሁሉ አውጣልኝ። ጂጂ ሪቫ ሎምባርዲያ ውስጥ፣ ሌጁኖ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1963 ወደ ሰርዲኒያ ደሴት ሄዶ ለካሊያሪ ፈረመ። በ1970 ዋንጫውን አመጣላቸው። ጁቬ ስንት ጊዜ ብሯን ይዛ መጣች፤ እምቢ አለ። ለጣሊያን በ42 ጨዋታ 35 ጎል አገባ፣ እስካሁን የበለጠው የለም። በጃንዋሪ 2024 እስኪሞት ድረስም ካሊያሪ ኖረ። ለእንዲህ ያለው ሰሜናዊ መልስ የለኝም፤ ቆሜ ነው የማከብረው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ እሑድ ስንገናኝ ስለ ፒዛው የቀረህ ካለ አምጣ። ስለ ተራራው፣ ስለ ኮሌራው፣ ስለ ቆዳ ቀለም ግን እኔ ካለሁበት ጠረጴዛ አጠገብ እንዳትናገር፤ የምሬን ነው። እስከዚያው ይህን ያዝ፦ ሜይ 23፣ 2025 ናፖሊ ኢንተርን በአንድ ነጥብ ቀድሞ አራተኛውን ዋንጫ ሲወስድ 2 ለ 0 ያሸነፈው ካሊያሪን ነበር። በዚያች ምሽት በማራዶና ስታዲየም ሣር ላይ ከቆሙት ከሁለቱ ሌላ የሊጉን ዋንጫ የወሰደ የደቡብ ክለብ የለም።