ጨረቃዋ ቀድማ ሞላች

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አባባስ? ልጆቹስ? ጎረቤታችን ሐጂስ? ላሚቷስ ወለደች? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነን። የፋሲካውን ዶሮ ባለቤቴ እንደ ወጉ አሥራ ሁለት ብልት ልታወጣለት ተነሥታ ነበር። የዚህ አገር ዶሮ ግን ከሱቅ ስምንት ቦታ ተቆራርጦ ስለሚመጣ የጎደሉትን አራት ብልቶች በእንቁላል ተካናቸው። እንግዶቹ ጨዋ ነበሩና ማንም አልቆጠረም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አሰላ ገበያ ላይ የሚወራውን ሰምቻለሁ። «የእነእንትና ልጅ አሜሪካ ድረስ ሄዳ ከትምህርት ቤት ተባረረች» እየተባለ ነው አሉ። ስሞትልሽ፣ አልተባረረችም! ሚጣን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያስወጣናት እኛው ነን፤ የምናስተምራትም እኛው ነን፣ እዚሁ ቤት። ነገሩ በሃምሳውም ግዛት በሕግ የተፈቀደ ነው። በቨርጂኒያ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ድረስ «ልጄን እኔ አስተምራለሁ፤ የማስተምረውም ይህን ይህን ነው» ብሎ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይጽፋል። በሚቀጥለው ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መማሩን በፈተና ወይም በመምህር ምስክርነት ያሳያል። ወላጁ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ካለው ይበቃዋል። እናም ያ አሰላ የተቀበልኩት፣ እዚህ ሥራ ስፈልግ አንድም ቀጣሪ ዞር ብሎ ያላየው ወረቀቴ በስተርጅና ወግ ደረሰው፤ መምህር አደረገኝ።

ሒሳብና እንግሊዝኛውን ባለቤቴ ወሰደች። ሳይንሱ ለእኔ ደረሰኝ፤ «አንተ ፊዚክስ ትወድ ነበር» ተብሎ። መውደዱን እወድ ነበር። ግን የእኔ ዕድሜ እኩዮች ፊዚክስ የተማሩት ከፕላዝማ ቴሌቪዥን መሆኑን ታስታውሻለሽ፤ መብራት በሄደ ቁጥር መምህሩም አብሮ ይሄዳል። የኒውተንን አንደኛና ሁለተኛ ሕግ እስከ ዛሬ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር።

ስለ ሰውነት ስንማር ደግሞ የአሰላ ልጅ መሆኔ ጦስ አመጣብኝ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሴል እያበዛ የኦክስጅኑን እጥረት እንደሚያካክስ አስረዳኋት። ይህን ካልኩ በኋላ አፌ አላርፍ አለ፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተሩን በብብቱ ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደነበር፣ ደራርቱም ቀነኒሳም ከዚያው ከአርሲ፣ ከበቆጂ እንደተነሡ በኩራት ጨመርኩላት። «አንተስ አባዬ?» አለችኝ። በተግባር ላሳያት ወጣን። ፓርኩን እኩሌታ ሳልዞር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ደብተሯን አውጥታ «ከአሰላ መምጣት ብቻውን አያስሮጥም» ብላ ጻፈች። በሳይንስ ይህ ድምዳሜ ይባላል።

የባለቤቴ ትእዛዝ ግን ሌላ ነው፤ ልጅቷ ሳይንሷን ከሃይማኖቷ ሳትለይ እንድትማር ነው የምትፈልገው። መጽሐፍ ፈለግን። እዚህ ቤት ለሚማሩ ልጆች የሚታተመው የክርስቲያን ሳይንስ መጽሐፍ አብዛኛው የፕሮቴስታንቶች ነው። ምዕራፉ ሁሉ በጥቅስ ይከፈታል፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ዋጋውም ያስጸልያል። የገዛነው መጽሐፍ «ምድር ከተፈጠረች ስድስት ሺህ ዓመት ገደማ ሆናት» ይላል። የዚህ ቁጥር ታዋቂ ቀማሪ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ አሸር ነው፤ በ1650 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ላይ አስቀመጠው። ሚጣ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት 5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለም 7518 ብላ ተምራ መጥታለች።

«አባዬ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶው ዓመት የት ገባ?»

ምን ልበላት? የዚህ አገር ግብር እንኳ ይህን ያህል አይቆርጥም! አገላብጬ ነገሩ ገባኝ። የእኛ ብሉይ ኪዳን በአቆጣጠሩ የሰባውን ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ይከተላል፣ የእነሱ የዕብራይስጡን። አዳም ሴትን ሲወልድ በእኛ 230 ዓመቱ ነው፣ በዕብራይስጡ 130። እንዲህ እያለ በየአባቱ መቶ መቶ ሲጨመር ልዩነቱ ይከመራል። ሚጣ ይህን ሰምታ ትረካለች ስል «የጭላሎ ተራራስ ዕድሜው ስንት ነው?» አለች። ጭላሎ የጠፋ እሳተ ገሞራ እንደሆነ፣ የድንጋይ አዋቂዎችም ዕድሜውን በሚሊዮን ዓመታት እንደሚቆጥሩት ነገርኳት። አሁን ሦስት መልስ ያዘች፤ ከሦስቱ አንዱም ከሌላው አይገጥምም። ስልኩን አንሥቼ ወደ አባባ ደወልኩ፤ መምህር ሲጨንቀው ርእሰ መምህሩን ይጠራ የለ?

አባባ ዝም ብለው ሰሙና፣ «መጽሐፈ አክሲማሮስ ሃያ ሁለቱን ፍጥረት ማን እንደሠራቸው ነው የሚያስተምረን። ድንጋዩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ድንጋዩን ጠይቂ፤ እሱም የእግዜር ነው፣ አይዋሽሽም» አሏት። ሚጣ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔም በድብቅ ገለበጥኩት።

ከዚያ ወዲህ አባባ ረዳት መምህር ሆነዋል፤ ደመወዛቸው የቪዲዮ ጥሪ ነው። መጽሐፉ «እያንዳንዱ እንደ ወገኑ» ከሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ስለ ሜንዴል አነበብን። ሜንዴል በብርኖ ገዳም የነበረ መነኩሴ ነው። በገዳሙ አትክልት ቦታ ዓመት ከዓመት አተር እያዳቀለ፣ ክቡን ከጨርማዳው እየለየ ቆጥሮ፣ የዘር ውርስን ሕግ በ1866 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አባባ ተደነቁ። «አተሩን ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ሳይበላ ቆጠረው? ይኼስ እውነተኛ ጾመኛ ነው!» አሉ።

ቀጥለው ግን ትምህርቱን ወደ አርሲ ማሳ ወሰዱት። ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድኖች እርዳታ ሲሠራ በነበረበት በ1960ዎቹ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬ ያስተዋወቁት እሳቸው አይደሉ? ቁብሳ የተባለውን ስንዴ በ2003 መኸር ቢጫ ዋግ እንዴት እንደፈጀው፣ ገበሬው ቢጫውን ዋግ ወደሚቋቋመው፣ ዲገሉ ወደተባለው ስንዴ እንደዞረ፣ በ2006 ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉንም እንደጨረሰው ነገሯት። «ዋጉ ይለወጣል። የቁሉምሳ እርሻ ምርምር ሰዎችም ስንዴውን ይለውጣሉ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይቀድመዋል» አሏት። ሚጣ አፏን ከፍታ ሰማች። መጽሐፉ ፍጥረት ሲለወጥ ስለማየት ሁለት ገጽ ተጨንቆበታል፤ አባባ በአንድ የስልክ ካርድ ጨረሱት።

ትልቁ ነገር ግን የጨረቃዋ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገብተው የለ? ያን ሰሞን ሚጣ በስልኩ መስኮት ሐጂን አየቻቸው፤ ደጅ ቆመው ሰማይ ለሰማይ ጨረቃ ይፈልጋሉ። አባባ ደግሞ ቤት ቁጭ ብለው በጣታቸው ይቆጥራሉ። «አያቴ ይቆጥራሉ፣ ሐጂ ያያሉ። ሳይንስ የትኛው ነው?» አለች።

አባባ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን አስተማሯት። ዓመተ ዓለሙን 7518ን ለ19 ስታካፍይ 13 ይተርፋል። አንዱን ተዪው፤ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተሽ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፊ አበቅቴው 12 ይወጣል፣ በ19 ስታባዢው መጥቅዑ 18። ሁለቱን ስትደምሪያቸው 30 ካልሆነ ተሳስተሻል። ከዚያ ሄዳ ሄዳ የአይሁድን ፋሲካ መጋቢት 28፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 4 ላይ አገኘችው። እሷ በእጇ ሠራች፣ እኔ በካልኩሌተር፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ካልኩሌተሩ ከእሷ ጋር ተስማማ።

ቀጥላ ወደ ሐጂ ዘዴ፣ ወደ ማየቱ ዞረች። የአይሁድ ፋሲካ ጨረቃ ስትሞላ አይደል? ማታ ማታ በረንዳ እየወጣች ጨረቃዋን መሣል ጀመረች። እናልሽ መጋቢት 23 ማታ ጨረቃ ሙሉ ሆና ከፓርኪንጉ በላይ ቁጭ! ቀመሩ ከሚለው አምስት ቀን ቀድማ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ ጨረቃዋንም ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም በሚል ዓይን።

ተሯሩጬ ምክንያቱን አገኘሁት። ቀመሩ 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል አድርጎ ይይዛል። እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸው፤ በ19 ዓመት የሚተርፈው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይህች ትርፍ ግን በ300 ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች። ቀመሩ በጥንቷ እስክንድርያ ከተደላደለ ደግሞ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አምስቱ ቀን የተጠራቀመው እንዲህ ነው። ያለ መነጽር፣ ያለ ኮምፒውተር በዚያ ዘመን እንዲህ አጥብበው የቆጠሩትን አባቶች ነፍስ ይማር፤ እኔ የባንክ ሒሳቤን እንኳ በወር ይህን ያህል አላስጠጋም።

ለአባባ መንገሩ ጨነቀኝ። በሰማንያ ዓመት ሰው ላይ በጾም ቀን እንዲህ ያለ ወሬ ይወረወራል? ሚጣ ግን ቀድማኝ ዘረገፈችው። አባባ ሳቁ። «ምን ያስደነግጣችኋል? ባሕረ ሐሳብ ሁላችን ባንድ ቀን ጾመን ባንድ ቀን እንድንፈታ ነው፤ ጨረቃን ልናዝበት አይደለም። ቆጥረሽ ስታበቂ ወጥተሽ ማየትሽ ደግ አደረግሽ። ቀኑን ጽፈሻል?» አሏት። ጽፋለች። ከሥዕል ጋር።

እታለም፣ እዚህ ከማውቃቸው ወላጆች አንዳንዶቹ ልጅን ከቤት የሚያስተምሩት ጥያቄ እንዳይሰማ ነው፤ ጥያቄ በበዛ ቁጥር እምነት የሚሳሳ ይመስላቸዋል። አባባ ዳዊት ደግመው ወደ ማሳ የሚወጡ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ቤት ግን ጥያቄ ሲፈራ አላየሁም። ለሚጣም የምፈልገው ይህንኑ ነው። እግዜር ሠራው ብላ የምታምነውን ነገር፣ እንዴት እንደሠራው ወጥታ ለማየት አትፍራ።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ። ኦገስት 1 ሳይደርስ ሚጣ አንድ ሙከራ መጨረስ አለባት፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ አሰላ ይሠራል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል እምብዛም ሳንርቅ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በ92 ገደማ መፍላት አለበት። ንፍሮው እናንተ ዘንድ ሳይበስል የሚያመሸው ለዚህ ነው። ዕድሜ ልኳን «እጇ የማይፈጥን» እየተባለች የተወቀሰችውን አክስታችንን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ጥፋቱ የአየር ግፊት ነበር።

ለላቦራቶሪ የሚሆን ቴርሞሜትር በሰው ልኬልሻለሁ። አደራ፣ ለልጆቹ ትኩሳት የምትለኪበትን እንዳትከቺ፤ እሱ ከ42 አያልፍም፣ ይፈነዳብሻል። ጫፉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ፤ ውኃው ሲንተከተክ አንብበሽ፣ አባባ ባሉበት ጻፊልኝ። ሐጂም ይመስክሩ፤ እሳቸው ሳያዩ አያምኑም። ቁጥሩ 100 ከወጣ ወይ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ ወይ አሰላ በሌሊት ወደ ባሕር ወርዳለች፤ የትኛው እንደሆነ በመስኮት አይተሽ ንገሪኝ።

ናፋቂ ወንድምሽ

ማሳሰቢያ፦ ቴርሞሜትሩን ያመጣልሽ ሰው ሲመለስ ሻንጣው ባዶ ነው ብሎኛል። በሶ ክብደት እንዳለው በቤታችን ገና በሙከራ አልተረጋገጠም።