ቆዳ የለበሰው ፍራንከንስታይን

«ሙሉ ቆዳ፣ የ1818ቱ እትም» ይላል የሻጩ ማስታወቂያ። የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን ነው። ቀላ ያለ ሽፋን፣ ጀርባው ላይ የወርቅ ጽሑፍ፣ የገጾቹ ጠርዝ ሁሉ ወርቅ የተቀባ። የድሮ አስፈሪ ልብ ወለዶችን በቆዳ ጥራዝ የምሰበስብ ሰው ነኝና፣ ይህን እትም ስፈልግ ስለኖርኩ ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ቨርጂኒያ ያለው ቤቴ ደረሰ። ገና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስገልጥ የደራሲዋ መግቢያ ተቀበለኝ፤ ግርጌው ላይ ጥቅምት 15 ቀን 1831 ተጽፎበታል። የ1818ቱ እትም እንዲህ ያለ መግቢያ ሊኖረው አይችልም። ያኔ የደራሲዋ ስም እንኳ አልወጣም ነበር፤ ለንደን ውስጥ 500 ቅጂ ብቻ በሦስት ቅጽ ታትሞ ያለ ስም ነው የወጣው። መቅድሙን የጻፈው ባሏ ፐርሲ ስለነበር የልብ ወለዱም ደራሲ እሱ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ስሟ የወጣው በ1823ቱ ባለ ሁለት ቅጽ እትም ነው።

የእትሙ ጉዳይ የሰብሳቢ ቅብጠት አይምሰላችሁ። ሜሪ ታሪኩን የጀመረችው በ1816 ክረምት በሚመስለው በጋ፣ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር፣ የ18 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። በ1831 ራሷ ስታርመው ግን መበለት ነበረች፤ በሁለቱ እትሞች መካከል ሁለት ልጆቿንና ባሏን ቀብራለች። ሐዘኑ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። በመጀመሪያው እትም ባለ ታሪኩ ቪክቶር በገዛ ምርጫው ይጠፋል፤ በኋለኛው ዕጣ ፈንታን ደጋግሞ ይጠራል። ለእኔ የሚበልጠው የፊተኛው ነው፤ ሰውዬው ለሠራው ሥራ ማምለጫ አያገኝም።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ድርሰቱ መጀመሪያ የታተመው በ1818 ስለሆነ የ1818 ነው» ብሎ መለሰልኝ። የቪክቶርን እጮኛ ኤልሳቤጥን አስረጂ አድርጌ አቀረብኩ። በ1818ቱ ኤልሳቤጥ የቪክቶር አክስት ልጅ ናት። በ1831ዱ ግን የቪክቶር እናት ኮሞ ሐይቅ አጠገብ ከአንድ ድሃ ገበሬ ጎጆ ያገኘቻት ማደጎ ናት፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። እኔ የገዛሁት መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ ላይ ልጅቷ ከጎጆዋ ስትወሰድ ይታያል። የምዕራፍ ቁጥሩም እንዲሁ ይመሰክራል፤ ፊተኛው በየቅጹ ከአንድ እየጀመረ ሲቆጥር፣ ኋለኛው እስከ 24 በተከታታይ ይዘልቃል። ሻጩ ይህን ሁሉ አንብቦ «ቆዳው እውነተኛ ነው፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ።

ቆዳውም እውነተኛ አልነበረም። ሽፋኑ ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን መታጠፊያ መብራት ሥር ሳየው፣ ከላይ ያለው ስስ ልባስ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ግራጫ ወረቀት የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተፈረፈረ። የቆዳ ቁርጥራጭ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ነው። ደህና ቆዳ ሲታጠፍ ይሸበሸባል እንጂ ልባሱ እንዲህ አይላጥም።

ነገሩ ያስቆጣኝ ለቆዳ ካለኝ ክብር የተነሳ ነው። በአገራችን ዳዊት በእንጨት ገበታው ላይ ቆዳ ለብሶ፣ በማኅደር ተከቶ ሲያዝ እያየን ያደግን ሰዎች፣ ቆዳ የለበሰ መጽሐፍ አይዋሸንም ብለን እናምናለን። እንግሊዞች ዘንድ ግን የቆዳው ነገር ሌላ ነው። በ1818 መጽሐፍ የሚሸጠው ወረቀት በለበሰ ካርቶን ሽፋን ሲሆን፣ ቆዳውን ገዢው በራሱ ጠራዥ ነበር የሚያስለብሰው። ስለዚህ ሁለት የ1818 ቅጂዎች በቆዳቸው አይመሳሰሉም። በዚያ በመጀመሪያ ሽፋኑ የቆየ አንድ ቅጂ በ2021 ኒው ዮርክ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል፤ ቆዳ አልነካውም።

በዚሁ ሰሞን ጋሼ የምላቸው አዛውንት ወዳጄ ደወሉልኝ። ቆዳ የለበሰ ድራኩላ፣ «የመጀመሪያ እትም» ተብሎ ቀርቦላቸዋል።

«ጋሼ፣ የብራም ስቶከር ድራኩላ በ1897 ለንደን ሲወጣ ቢጫ ጨርቅ ለብሶ፣ ጽሑፉ ቀይ ነበር» አልኳቸው።

«ቆዳ ከሆነማ ይበልጣላ፣ ልጄ!»

«አይበልጥም፣ ጋሼ። አንድም ቢጫው ተገፎ እንደገና ተጠርዟል፣ አንድም የዘመኑ ማተሚያ ቤት ሥራ ነው።»

ጋሼ ዝም አሉ፤ ብሩን ግን አልከፈሉም። የእኔው ሻጭ ከብዙ ንትርክ በኋላ የገንዘቤን ግማሽ መለሰ፤ መጽሐፉ እኔው ጋ ቀረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያምርህ ከመክፈልህ በፊት የሦስት ቦታ ፎቶ ጠይቅ፦ የርዕሱ ገጽ ከነጀርባው፣ የሽፋኑ መታጠፊያ፣ ለፍራንከንስታይን ደግሞ ኤልሳቤጥ መጀመሪያ የምትገባበት ገጽ። ሻጩ ፎቶውን ካልላከ ገንዘብህን አትላክ።