ኮተት በባቡር፣ ኮተት በመርከብ

እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ጦር ስታከማች፣ ሞርኒንግ ፖስት የተባለው የለንደን ጋዜጣ ቢል ዲድስ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ወደ አዲስ አበባ ላከ። አለቆቹ ስለ አፍሪካ ከሰሙት አንድም ነገር ሳያስቀሩ ገበያ ወጡለት። ለሞቃት አገር የሚሆን ሙሉ ልብስ፣ የፈረስ መጋለቢያ ሱሪ፣ ጉንዳን እንዳይገባበት ውስጡ በዚንክ የተለበጠ የአርዘ ሊባኖስ ሳጥን ገዙለት። ጓዙ ሲደመር 270 ኪሎ ገደማ ሆነ። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርዶ ባቡር የያዘ መንገደኛ ድሬዳዋን ሳይረግጥ አዲስ አበባ አይገባምና፣ ይህ ሁሉ ኮተት በድሬዳዋው የከዚራ ጣቢያ አልፏል ማለት ነው። ልጁ ሊዘግብ የመጣው ጦርነት ነው፤ ጓዙን ያየ ግን ጎጆ ሊወጣ መስሎት «ይባረክ» ባለው ነበር። ለሞቃት አገር የተሰፋውን ልብስ ለብሶ በአዲስ አበባ ክረምት አደባባይ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ እንጦጦ ድረስ መውጣት አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ለሌላ ጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ የነበረው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ነገሩን በዝምታ አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ስኩፕ» በተባለ ልቦለዱ፣ ታጣፊ ታንኳ ሳይቀር አስጭኖ ወደ ጦርነት የሚሄድ የዋህ ጋዜጠኛ ፈጠረ። ዲድስ በኋላ የትልቅ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ ሚኒስትርና ሎርድ ሆኗል። ያ ገጸ ባሕርይ እሱ ነው ሲሉት አይቀበልም ነበር። የጓዙን ነገር ግን አልካደም፤ እየሳቀ ጽፎታል።

ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ጓዝ ብርቋ አይደለም። ከተማዋ የቆመችው ዕቃ ከአንዱ ጫንቃ ወርዶ በሌላው ጫንቃ ላይ በሚወጣበት ቦታ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፤ ወጪውም በዛ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ወደ አሮጌው ሐረር የሚወጣ ሰው እዚህ ወርዶ፣ ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ ሽቅብ ይያያዘው ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለነበር ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። ማደር ማለት ሻንጣ ማውረድ ነው፤ ማለዳ ደግሞ መልሶ መጫን።

ስለዚህ ምድር ባቡር ያሳደገው የድሬ ሰው ስለ ጓዝ ሲጠየቅ ከኪሎው በፊት የሚቆጥረው ማንሻና ማውረጃውን ነው። በዚያ ላይ አየሩ አለ። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ሰው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ድሬዳዋን አልፎ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ሲወጣ፣ አንዱ ሻንጣ ሽርጥም ካፖርትም ሊኖረው ነው። ሽርጡ ሲያስፈልግ ካፖርቱ ሸክም፣ ካፖርቱ ሲያስፈልግ ሽርጡ መሳቂያ ይሆናል።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ደግሞ ሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ ይመስክር። ባንክ በሌለበት አገር ገንዘቡን ማስቀመጫ ስላጣ በወገቡ ታጥቆት ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ከካይሮ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ መቀነቱ ውስጥ እንዳለ፣ ክብደቱም ስምንት ኪሎ ያህል እንደሆነና ተቅማጥ እንዳስያዘው ያማርራል። ሐኪሞች ወርቅ ከተቅማጥ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይመርምሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ጉልበቱ ታምሞ ከሐረር ሲወጣ ጓዝ የሆነው እሱ ራሱ ነው፤ በቃሬዛ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመው በረሃውን አሻግረው ዘይላ አደረሱት። ከዚያ በመርከብ ኤደን፣ ከኤደን ማርሴይ።

የየብስንና የባሕርን ጉዞ አቀናጅቶ በመጫን ረገድ ግን ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን የሚስተካከል አልተገኘም። ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ጉብኝት ሄዱ። ከጓዙ መካከል አንበሶች ነበሩ። ለፈረንሳይ መሪዎች፣ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛና ለፓሪስ የአራዊት መጠበቂያ የሚሰጡ ስጦታዎች ናቸው። ሻንጣ ሲከብድ የማይረባውን አውጥቶ መጣል ይቻላል፤ አንበሳ ግን በመንገድ ላይ ሐሳብ ቢለወጥ የሚወጣ ዕቃ አይደለም።

ከአንበሶቹ ይልቅ አስተዋይነት የታየበት ጓዝ ግን መኳንንቱ ናቸው። ልዑሉ የጎጃሙን ራስ ኃይሉንና የትግራዩን ራስ ሥዩምን ይዘው ሄዱ። ለክብር ነው ቢባልም፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ሌላም ምክንያት ያነሣሉ፤ ባለቤቱ በሌለበት እነዚህን የመሰሉ ኃያላን አገር ቤት መተው አያስተማምንም። ይህ ስለ ጓዝ ከተሰጡ ምክሮች ሁሉ የበሰለው ሳይሆን አይቀርም። አንዳንድ ዕቃ የሚጫነው በመንገድ ስለሚያስፈልግ ሳይሆን ቤት ቢቀር ስለሚያሰጋ ነው። ሲመለሱም እጃቸው ባዶ አልነበረም። ኢየሩሳሌም የሙዚቃ ባንድ ሆነው ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አብሯቸው የመጣው አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አንበሳ ሰጥቶ ኦርኬስትራ ማምጣት ነው፤ ኪሎው ተመዝኖ የተጻፈ ደረሰኝ ግን የለም።

ቀለል ብሎ መጓዝን በእውነት የተካኑት ግን መኳንንትም ጋዜጠኞችም አይደሉም፤ የድሬዳዋና የጅቡቲ መስመር ነጋዴ ሴቶች ናቸው። አሮጌው ባቡር በሚሠራበት ዘመን ዘዴያቸው አንድ ነበር፤ ዕቃ በእጅ ከተያዘ ዕቃ ነው፤ ከተለበሰ ገላ ነው። ሳልቫጅ ልብሱ ተደራርቦ ይለበሳል፤ ሽቶውና ሳሙናው በሽርጥ ተጠቅልሎ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ በዚያ ላይ ሰፊ ድሪያ ይጣልበታል። ወደ ጅቡቲ ቀጥና የሄደች ሴት ስትመለስ ድንበሩ ደወሌ ላይ ወፍራ ትታያለች። የጉምሩኩ ፊናንስ ምን ይበል? ከጤናዋ ነው ብትለው የሚመልስበት መመሪያ የለውም። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ያ ሁሉ ውፍረት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀልጥና ታይዋን ገበያ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

ዛሬ ሐዲዱ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ከተማ ውስጥ አይገባም። የድሬዳዋ ጣቢያው በመልካ ጀብዱ በኩል ነው፤ የጅቡቲው ደግሞ ናጋድ፣ እሱም ከከተማው ወጣ ብሎ። ከዚራ በረንዳ ላይ ሆኖ የባቡር ፊሽካ እየሰማ ሻንጣ ይዘጋ የነበረ ሰው፣ አሁን መጀመሪያ ባጃጅ መጥራት ይኖርበታል። አንድ ማንሻና አንድ ማውረጃ ተጨመረ ማለት ነው። ከወጪ ጋር።

አሁን አንድ የከዚራ ቤተሰብ እናስብ። አባት የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የቲኬት ኮንትሮለር የነበሩ፤ እናት በወጣትነታቸው በዚያው መስመር የነገዱ። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ጋበዘቻቸው፤ ሮም ጥቂት ቀን፣ ከዚያ የሜዲትራኒያን መርከብ፣ ከዚያ እንደገና የብስ። ልጅቱ ስልክ ደውላ የተናገረችው አጭር ነው።

«እማዬ፣ አንዳንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ። አደራ።»

አደራው የተጠበቀው ስልኩ እስኪዘጋ ነው። ማታውኑ ሳሎን ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ የሐረር ቡና፣ ሐላዋና የቡና ዕቃ ሙሉውን ከነማጨሻው ተደረደረ። ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ሲሰማ ደግሞ ሮም ማን እንዳለው ያስታውሳል። አንዷ የእህቷን ልጅ፣ ሌላዋ የቀድሞ ተከራይዋን አስታወሰች፤ ሁሉም በፌስታል ጠቅልሎ «ትንሽዬ ናት እኮ እትዬ፣ ጥግ ላይ ሽጉጥ ያድርጓት» እያለ መጣ። በዚህ አገር የሻንጣ ግማሹ የባለቤቱ አይደለም። ቀለል ብሎ መጓዝን የሚሰብኩ ፈረንጆች ልብስ እንዴት እንደሚጠቀለል ብዙ ጽፈዋል። ጎረቤትን እንዴት እምቢ እንደሚሉ የጻፈ ግን አልተገኘም።

የመርከብ ሕግ እዚህ ላይ ገባ። ልጅቱ በሁለተኛው ስልክ አነበበችላቸው፤ በመርከብ ላይ ትልቁ ፍርሃት እሳት ስለሆነ የልብስ ካውያ፣ ምድጃ፣ ሻማና ዕጣን በብዙዎቹ መርከቦች የተከለከሉ ናቸው፤ ሲሳፈሩ ሻንጣው በማሽን ይታያል፤ የተገኘውም እስከ ጉዞው ፍጻሜ ተይዞ ይቆያል። እናት ዝም ብለው ሰሙ።

«ዕጣን ምን አደረጋቸው?» አሉ በመጨረሻ። «ከሰሉንስ ይከልክሉ፤ ዕጣን የሚከለክል ቤት ግን…»

ጀበናዋ ባዶዋን ብትሄድ የሚከለክላት የለም፤ እሳት የሌላት ጀበና ምን ትሠራለች እንጂ። ቅቤውና ቋንጣው መርከቡ ጋ እንኳ አይደርሱም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣው ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ሁለቱ እንደዚህ ከሰልፉ ወጡ።

አባት በበኩላቸው ጉዞውን እንደ ሙያቸው በወረቀት ላይ አወጡት። ከቤት ወደ ባጃጅ፤ ከባጃጅ ወደ አባ ተና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ፤ ከሮሙ አውሮፕላን ማረፊያ ከፊዩሚቺኖ ወደ ከተማው ሆቴል፤ ከሆቴሉ ወደ ባቡር፤ በባቡር መርከቡ ወደሚነሣባት ወደ ቺቪታቬኪያ፤ ከዚያ ወደብ። መርከብ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። ሠራተኞች ሻንጣውን ወደቡ ላይ ተቀብለው ክፍል በር ላይ ያደርሱታል፤ መርከቡ በየከተማው ሲዞር ሻንጣው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የባሕሩ ሳምንት በሸክም ሒሳብ ዜሮ ነው፤ ሻንጣ የሚሞላው በየብሱ ልክ ነው ማለት ነው። ልብሱን መርከቡ ላይ አሳጥቦ ደግሞ መልበስ ይቻላል። የመጨረሻው ምሽት ደንብ ደግሞ በተለይ ደስ አሰኛቸው፤ መንገደኛ ከመተኛቱ በፊት ሻንጣውን ቁጥር ለጥፎ በር ላይ ያወጣል። ልብሱን ሁሉ ከትቶ አውጥቶ፣ ጠዋት በፒጃማ ከመርከብ የሚወርድ ሰው ታሪክ በመርከብ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ቀልድ ነው። አባት ግን አልሳቁም። «ሥርዓት ያለው ቤት ነው» አሉ።

ሽክ ተብሎ እራት ለሚበላበት ምሽት አባት ኮት ከነክራቫቱ ጠየቁ፤ እናት የሐበሻ ቀሚሳቸውን አጥፈው በአንድ መዳፍ ይዘው አሳዩአቸው። በዚህ ዙር ማን እንዳሸነፈ መጻፍ አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓለም አቀፍ በረራ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ ይፈቅዳል። የዲድስን ጓዝ ለመጫን ስድስት ሰው ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ባልና ሚስቱ የልጃቸውን ቃል አክብረው አንዳንድ ሻንጣ ብቻ ያዙ። የአባት 14 ኪሎ መዘነ። የእናትየው ሚዛን ላይ ሲወጣ 27 አለ፤ ሐላዋው፣ ሽሮው፣ የጎረቤት ፌስታሎችም አሉበት። የሚዛኗ ልጅ አንገቷን ነቀነቀች። እናት ምንም አልመለሱም። ሻንጣውን እዚያው ከፈቱ፤ ሦስት ድሪያ፣ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጋቢ አወጡና፣ ሰልፈኛው እያየ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ለበሱት። ሚዛኑ 23 ላይ ቆመ።

አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቲኬት የፈተሹ ሰው ናቸው፤ ቆመው ተመለከቱ።

«አንቺ ሴት፣ ይቺን ዘዴ ያኔ ባቡር ላይ አውቄብሽ ቢሆን ኖሮ…»

«አቦ ተወኝ፣ ያኔም አውቀህ ነው ያገባኸኝ።»

የድሬዳዋ ሙቀት ሥራውን ሲጀምር እናት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ፊት ተራመዱ። የሁለተኛው ፍተሻ ሠራተኛ «እናቴ፣ የደረቡትን ሁሉ አውልቀው እዚህ ሳጥን ላይ ያድርጉልኝ» እስኪላቸው ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር።