ካፖርቱ ማንን ያሞቃል?

የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ዝርዝር ካፖርቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ጨዋ ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ ክራባቱ ባለ መስመር፣ ጫማው ጥቁር፤ ማን ምን ይላል? ካፖርቱ ጋ ሲደርስ ግን ዝርዝሩ ጠበቃ ይሆናል። ቀለሙ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፤ አርማ አይኑርበት፤ ጂንስና ቆዳ አይሆንም፤ ባለ ቆብ ሹራብ ካፖርት ነኝ ብሎ አይምጣ፤ በኮቱ ላይ ይደረብ እንጂ በኮቱ ፈንታ አይለበስ፤ በር ሲገባ ይውለቅ። ትምህርት ቤቱ ቢለያይም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህ ሁሉ ተደንግጎ ሲያበቃ አንድ ቃል ብቻ ተረስቷል፤ «ይሙቅ» የሚል። የኔ ክርክር አጭር ነው፤ ይህ ካፖርት የታሰበው ለሚለብሰው ልጅ ሳይሆን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ነው።

ማስረጃው ሩቅ ዘመን ይጀምራል። ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት በ1552 በንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ተቋቁሞ ለለንደን ድሃ ልጆች ረጅም ሰማያዊ ካፖርት አለበሳቸው፤ ከሥር ቢጫ ካልሲ። ልብሱ ለመንገደኛው «ይህ ልጅ በምጽዋት ነው የሚማረው» ብሎ ይናገር ነበር። ዛሬም ተማሪዎቹ ያንኑ ይለብሳሉ፤ የድህነት ምልክቱ የኩራት ምልክት ሆኗል። ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ መታየት። ለገላ የታሰበ ካፖርት ከተፈለገ ደፍል የተባለውን ካፖርት መጥቀስ ግድ ነው፤ እሱ ደግሞ ከትምህርት ቤት አልመጣም። በቤልጂጓ ዱፍል ከተማ ስም የሚጠራ ወፍራም ሱፍ ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞቹን በባሕር ንፋስ ያለበሳቸው። ቁልፉ ጣት የሚያክል እንጨት፣ ማሰሪያው የገመድ ቀለበት፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ እንዲቆልፈው ማለት ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ስለሚበርደው ሰው ጣት አስቧል! የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ማርሻል ሞንትጎመሪ ለበሰው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተረፈው በርካሽ ተሸጠ፤ ተማሪው ተሻማበት፤ በ1958 ፓዲንግተን የተባለው የተረት ድብ እንኳ ከፔሩ መጥቶ እሱኑ ደረበ። ለድብ የታሰበውን ያህል ለተማሪ የታሰበ የለም።

ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የወደዱት ግን ጋባርዲን ነው። ቶማስ በርበሪ በ1879 ያወጣው ይህ ጨርቅ ክሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ቅርጹን የማይለቅ ነው፤ ተሰልፎ ሲታይ ያምራል። ካፖርቱ ጉልበት ላይ ያልቃል፣ ካልሲው ከጉልበት በታች ይጀምራል፣ ሱሪው ቁምጣ ስለሆነ በመካከሉ ባዶ ጉልበት ነው። እስከ ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ትንንሾቹ ልጆች በጥር ውርጭ ጉልበታቸውን ለንፋስ ሰጥተው ነው የተማሩት። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ልጅን ያጠነክራል» ይባል ነበር። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። ያጠነክራል ያሉት ሁሉ ረጅም ሱሪ የለበሱ ናቸው! ብርድ ይህን ያህል መልካም አስተማሪ ከሆነ ርዕሰ መምህሩ ለምን አልተማረበትም? እኛ ደግሞ ይህን ለመጠየቅ የራሳችን ምክንያት አለን። ከመቅደላ በ1868 በሰባት ዓመቱ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በቼልተንሃምና በረግቢ ተምሮ በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዓመቱ 1879፣ ያው የበርበሪ ጨርቅ ዓመት። ካፖርት ያድነው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ብርድ ያጠነክራል የሚለው ግን እሱ ፊት አይነገርም።

«ደንቡ እኮ ሀብታምና ድሃ እንዳይለይ ነው» የሚል አይጠፋም፤ እውነት አለበት። በ2018 በርከንሄድ የሚገኘው ውድቸርች ትምህርት ቤት እንደ ሞንክሌርና ካናዳ ጉስ ያሉ ውድ ካፖርቶችን የከለከለው ድሃው ልጅ እንዳያፍር ብሎ ነው፤ ማንም ደግ ሰው ይህን አይቃወምም። ግን ዋጋው ቢደበቅ ልኩ ይናገራል። እናት ካፖርት የምትገዛው ለዛሬው ልጅ አይደለም፤ «ያድግበታል» ብላ ነው፣ ይህን ሕግ የማያውቅ ሀገር የለም። በመጀመሪያው ዓመት እጅጌው ጣቱን ይውጣል፣ በሦስተኛው ከእጁ አንጓ በላይ ይሸሻል፤ በየዓመቱ አዲስ የሚገዛለት ልጅ ብቻ ልኩን ይለብሳል። መንግሥትም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አለ። በብሪታንያ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተሠራ ልብስ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልበትም፤ በ12 ዓመቱ የተመዘዘ ልጅ ግን የአዋቂ ልክ ስለሚያስፈልገው 20 በመቶ ይጣልበታል። እናቲቱ የልጇን ቁመት ትገብራለች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ተከራክሬ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያሳፍሩኛል። በረዶ እየጣለ ካፖርቱን ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ በኮት ብቻ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ እየሳቁ ወደ ቤት ይሄዳሉ። የሚያሞቀውም የማያሞቀውም ካፖርት እኩል ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይሻር ልል ጀምሬ ተውኩት፤ ቢሻርም የሚለብሰው የለም። ለንደንም ሆነ ሊድስ ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖች ግን አንድ ነገር ልበል። ዝርዝሩን አንብቡት፤ ስለ ቀለም፣ ስለ አርማ፣ ስለ ጨርቅ ይናገራል፤ ስለ ገበር አንዲት ቃል የለበትም። ገበሩን ወፍራም ግዙ።