የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች

የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ምርጫ በመጣ ቁጥር መራጮቻችን አጥቂ ከአጥቂ፣ ግብ ጠባቂ ከግብ ጠባቂ ሲያማርጡ ያመሻሉ። እውነተኛውን ኮከብ ግን አንድም ቀን መድረክ ላይ ጠርተውት አያውቁም። ስሙ ተጨማሪ በጀት ይባላል። አይጎዳም፣ ቢጫ ካርድ አያይም፣ ደላላ የለውም። ጥር ላይ ካዝናው ተራቁቶ፣ ተጫዋቾቹ ልምምድ አቁመው፣ ወራጅ ቀጠናው ክለቡን ሲያፋጥጠው ተቀይሮ የሚገባው እሱ ነው። ከምክር ቤት አዳራሽ አሻግሮ የሚልካት ኳስ ስታ አታውቅም።

የሊጋችን አብዛኛው ክለብ ወይ የከተማ አስተዳደር ነው፣ ወይ የመንግሥት ተቋም። ይህ ጸጋ ነው። ሰው የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መርካቶ ጫማ ሲሸጥ የዋለ ሁሉ ይመሰክራል። የእኛ የቦርድ አባል ግን ደላላው «ሌላ ክለብ ጨምሮልናል» ቢለው ፊቱን አያጠቁርም። ጨምርለት! ከኪሱ አይደለ። ፊርማው ነሐሴ ላይ ነው፣ ጭብጨባውም ነሐሴ ላይ። ደመወዙ የሚጠፋው የካቲት ነው፤ እስከዚያ ቦርዱም ሳይቀየር አይቀርም።

እርግጥ ደስታችንን ሊያደፈርሱ የሞከሩ አልጠፉም። በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁ። ጣሪያ መልካም ነገር ነው፣ ዝናብ ይከለክላል። የዘነጉት ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ መኖሩን ነው። በሁለቱ መካከል አይጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጥ ያድራል። ስለ ጓሮ ክፍያ የሚወራውም እንደዚሁ ነው፤ ኮሽታውን ያልሰማ የለም፣ አይጡን ያየ ግን አልተገኘም።

ገቢስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ኳስ አይወድም። ሊጉ በ2013 በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰባሰቡ መጫወት ያዙ። እናም የከተማዋ ግብር ከፋይ ቡድኑ «ባለሜዳ» ሆኖ ሲጫወት የሚያየው ቡና ቤት በተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው፤ ሜዳው ሌላ አገር፣ የሆቴሉ ሒሳብ የእሱ። ትኬት ቆርጦ ክለቡን እንዳይደግፍ እንኳ በር የለም።

«በዚህ ገንዘብ ሜዳ ይሠራበት» የሚሉ ነዝናዞችም አሉ። ሰኔ 2014 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ «ሜዳችን» ማላዊ ነበር፤ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረንምና። ታዲያ ምን ቀረብን? አሸነፍን አይደል! ደግሞስ ሣር ከከንቲባ ጋር ማሊያ ይዞ ፎቶ ይነሣል?

ባርሴሎናን አያችሁት? በፈረንጆቹ 2022 በደመወዝና በዕዳ ተጨናንቆ ከላሊጋ የቴሌቪዥን ገቢው 25 በመቶውን ለ25 ዓመት ሸጠ። ምስኪን! ይህ ሁሉ የሚደርስበት የሚሸጥ ነገር ስላለው ነው። የእኛ ክለብ ሜዳ የለው፣ ማሊያውን የሚሸጥበት ሱቅ የለው፣ ምኑን ያጣል?

በተጫዋቹ የሚቀና ብዙ ነው። ጋዜጠኛው ደመወዙን ሲዘረዝር ሠፈር ጉድ ይላል። አራት ወር ሳይከፈለው ሲቀር፣ 50 ሺህ በአራት ተባዝቶ ስንት እንደሚሆን የሚያውቁት እሱና የቤት አከራዩ ብቻ ናቸው። አቤት ሊል ፌዴሬሽን ደጅ ሲጠና ክለቡ ይቀየመዋል፤ «ለማሊያው ፍቅር የለውም» ይባላል። ተስፋ ቡድኑ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ጫማ ከጓደኛው እየተዋሰ ይለማመዳል፤ እሱን ለማሳደግ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ትዕግሥት ደግሞ በነሐሴ የዝውውር መስኮት አይገዛም።

ስለዚህ ዘንድሮ ዋንጫው ለተጨማሪ በጀት ይሰጥልን። እሱ መድረክ ላይ መውጣት ስለማይችል የሚወክለው ያስፈልጋል፤ እኔ አንድ ግብር ከፋይ ጠቁሜ ነበር። ደውለንለት፣ የሠፈሩ የውሃ ፈረቃ ዛሬ ስለሆነ ጄሪካን ይዞ ተሰልፏል አሉን።