ማሰሪያ አንቀጽ ሳይደርስ

አንባቢ ምስክር ሰምቶ ሳይጨርስ የሚፈርድ፣ ፍርዱ ሲሻርበትም እያጉረመረመ ወደ መዝገቡ የሚመለስ ችኩል ዳኛ ነው። «ርእሰ መምህሩ ተማሪውን የሰደበውን ዘበኛ አባረረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት፣ ገና የመጀመሪያዎቹን ቃላት እንዳየ፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ልጁን ያንበረክከዋል፤ «የሰደበውን» ሲከተል ግን፣ መነሻዋ «የ» ግሱን የስም ገላጭ ስለምታደርገው፣ ክሱ መናጋት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ሐሳቡን የሚቋጨው ግስ፣ ሲደርስ ተማሪው በነፃ ተሰናብቶ ዘበኛው ከእንጀራው ተፈናቅሎ ይገኛል።

ሊን ፍሬዚየርና ኪዝ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ አንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትለው እንዳሳዩት፣ አንባቢ በመጀመሪያ የሚይዘው አወቃቀሩ ቀለል ያለውን ፍቺ ነው፤ ያ ፍቺ እንደማያስኬድ የሚያጋልጠው ቃል ላይ ሲደርስም ዓይኑ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚያስቀው ግን ከተመለሰም በኋላ የሚሆነው ነው። እንግሊዝኛ መልበስንና ሌላውን ማልበስን በአንድ ግስ ስለሚጠራ፣ አና ስትለብስ ሕፃኑ አልጋው ላይ አቀረሸ ለማለት የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር አንባቢው መጀመሪያ አና ሕፃኑን ስታለብስ ብሎ ይጀምረዋል (አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትገባ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር)። ካይል ክርስቲያንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓረፍተ ነገሩን ያነበቡ ሰዎችን ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ሕፃኑ ማቅረሸቱንም፣ አና እሱን ማልበሷንም አብረው አመኑ፤ የተሻረው ፍርድ ከአእምሮ አልተፋቀም ማለት ነው።

አማርኛ በመልበስና በማልበስ ጉዳይ እንዲህ ባይታማም፣ ፊደሉ መጥበቅና መላላትን፣ ማለትም የተነባቢ ድምፅ ረግጦ ወይም ሳይረግጥ መነገርን፣ ስለማያሳይ የራሱ ወጥመድ አለው። «በሬው ነገ ይበላል» የሚለው ጽሑፍ፣ ላልቶ ሲነበብ በሬውን ገበታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በሬውን ራሱን ገበታ ያደርገዋል። ወረቀቱ ላይ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት ስለሌለ የሚፈርደው የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ለፋሲካ ቅርጫ የገባ አንባቢ በሬውን ከሣሩ አንሥቶ በየመደቡ ለማከፋፈል ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።