ለጀማሪ ሠራተኛ፣ ልምድ 2 ዓመት

ለ፦ ስሙ ለማይጠራው መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ሥራ አመራር
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ሳይመረቁ ከምረቃ በኋላ የተገኘ የሥራ ልምድ ስለሚገኝበት ሁኔታ መመሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የአካውንቲንግ ተመራቂ ተማሪ ስሆን፣ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ማስታወቂያችሁን አነበብኩ። የሥራ መደቡ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ብዛት 1፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት ይላል። ስኬሉን ባላውቀውም አምኜዋለሁ።

ዝግጅት አልጎደለኝም። ገና ፍሬሽማን ሳለን ኢንተርፕረነርሺፕ ተምረን፣ ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ ተብለናል። ይህን የነገሩን መምህር ደመወዝተኛ ነበሩ፤ አልታዘብናቸውም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ከ50 በላይ አምጥቼ ለማለፍ ሌሊቱን ላይብረሪ ነው የማነጋው። የሥራ ልምድ ግን በየትኛው ሞጁል እንደሚገኝ የሚነግረኝ አጣሁ።

ልምድስ ነበረኝ። አንድ ድርጅት ውስጥ ኢንተርንሺፕ ወጥቼ ቫውቸር በየቀኑ ለይቼ ፋይል አድርጌያለሁ፣ የባንክ ሒሳብ አስታርቄያለሁ፣ የኃላፊው ማኪያቶ ስንት ስኳር እንደሚገባበት ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሲያሰናብቱኝም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ማኅተም መቱልኝ። ወደ እናንተ ማስታወቂያ ግርጌ ስወርድ ግን ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ፣ ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት ይላል። ለእኔ ደመወዝ የከፈለ የለም። የታክስ ኮርሳችን ደግሞ ከዜሮ ላይ ስለሚቆረጥ ግብር ምዕራፍ አልነበረውም።

ኢኮኖሚው እያደገ መሆኑን ማታ ማታ በዜና ስለምሰማ ተቀዛቅዟል ለማለት አልደፍርም። የማውቀውን ብቻ ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የጎረቤታችን ቀጣሪ መለዋወጫ ማስመጣት አቅቶት ሠራተኛ ቀነሰ። ጎረቤታችን የ8 ዓመት ልምዳቸውን በክላሰር ይዘው እናንተ ዘንድ ለጀማሪነት ተመዘገቡ። አምና ያው መደብ «0 ዓመት» ይል ነበር። ከእሳቸው ዓይነቶቹ ሰልፉን ሲሞሉት ዘንድሮ 2 አላችሁት። አልፈርድባችሁም፤ በጀማሪ ደመወዝ የ8 ዓመት ባለሙያ እየተገኘ እኔን የምታስተምሩት ለጽድቅ ነው? ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የሚተካቸውን ሰው ከማን በረንዳ ልታነሡት አስባችኋል?

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በፖስታ ይላክ ብላችኋል። ዩኒቨርሲቲው የሚልከው የወጪ መጋራት ዕዳዬን ስከፍል ነው፤ ዕዳውን የምከፍለው ስቀጠር ነው፤ የምቀጠረው ትራንስክሪፕቱ ሲደርሳችሁ ነው። ደመወዝተኛ ዋስም ጠይቃችኋል። ከዘመድ ደመወዝተኛው አጎቴ ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ለልጆቻቸው ፈርመው ጨርሰዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ። 2 ዓመት በነፃ አሠሩኝና በ3ኛው ዓመት ራሳችሁ የጻፋችሁልኝን የልምድ ደብዳቤ ይዤ እናንተው ዘንድ ልወዳደር። የዜሮ ደመወዜን ግብር በተመለከተ ከቤተሰብ አስልኬ እከፍላለሁ፤ ደረሰኙ በስሜ ይሁንልኝ። «ብዛት 1» የተባለው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ስሙን ጨምሩበት። ቀሪዎቻችን ለማይመለስ ፎቶ ኮፒ የምናወጣውን ብር ምሳ እንበላበታለን።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ለአጎቴ
(ምናልባት አንድ ፊርማ ከተረፋቸው)